የተፈቀደና የታወቀ

በአውቶማቲክ ስኩተር ላይ በግራ እጅ በኩል ያለው ማንሻ የኋላ ጎማ ፍሬን ነው። ማርሽ ባለው ሞተር ሳይክል ላይ በዚያው ቦታ፣ ለዚያው እጅ የተቀመጠው ማንሻ ፍሪሲዮን ነው። ስኩተር የለመደ ሰው ሲደነግጥ ሁለቱንም እጁን ይጨብጣል፤ ይቆማልም። ያው ሰው ባለማርሽ ሞተር ሳይክል ላይ ሳለ ልጅ ድንገት መንገድ ቢገባበትና እንደለመደው ቢጨብጥ፣ ቀኝ እጁ የፊቱን ጎማ ይይዝለታል፤ ግራ እጁ ግን ሞተሩን ከኋላው ጎማ ይነጥለዋል። ማርሹ ጎማውን ይዞ ፍጥነት የሚቀንስበት ኃይል በዚያው ቅጽበት ይቋረጣል። የኋላው ፍሬን ያለው በቀኝ እግር በኩል ነው፤ እግሩ ደግሞ ይህን ሥራ አልተማረም።

ከመጨበጡ ይልቅ መልቀቁ ይብሳል። ፍሬን በድንገት ቢለቀቅ ብዙም ችግር የለውም። ማርሽ የገባ ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮኑ በድንገት ሲለቀቅበት ግን ወይ ይጠፋል፣ ወይ ነዳጅ ከተሰጠው ወደፊት ይዘላል። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ የነበረ ከሆነ የሚዘለው ወደ እግረኛ ማቋረጫው ነው።

በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች አንድ ሰው በትንሽ አውቶማቲክ ስኩተር ተፈትኖ ያወጣው የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ማንኛውንም ባለሁለት ጎማ ሞተር ሳይክል ያስነዳዋል። ካርዱ ላይ «አውቶማቲክ ብቻ» የሚል ገደብ አይጻፍበትም። ጠዋት በተደረደሩ ኮኖች መሐል በስኩተር ተጠማዝዞ ያለፈ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ባለ 1000 ሲሲ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ከሱቁ በር በቀጥታ ወደ አስፋልቱ ቢወጣ የጣሰው ሕግ የለም። ፖሊስ ቢያስቆመውም ወረቀቱ ሙሉ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በእርግጥ ተፈቅዶለታል ማለት ይቻላል? ካርዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ፈቅዶለታል። መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሰዎችስ ፈቅደውለታል? እርሱስ ለራሱ ሊፈቅድ ይገባዋል?

ይህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በስኩተር መፈተን ማጭበርበር ነው ወይስ አይደለም ወደሚለው ያዘነብላል። ዋናው ጥያቄ ግን እርሱ አይደለም። በስኩተር መፈተን ነውር የለበትም። ነውሩ የሚመጣው ሰውየው፣ ፈታኙ ያላየለትን ችሎታ ወረቀቱ እንደመሰከረለት አድርጎ ሲይዝ ነው። መንጃ ፈቃድ በመሠረቱ ምስክርነት ነው። መንግሥት ስለ አንድ ሰው፣ ያንን ሰው ለማያውቁ ሌሎች ሰዎች የሚሰጠው ቃል ነው። ስለ ምስክርነት ደግሞ ሃይማኖትም ፍልስፍናም ከሞተር ሳይክል መፈጠር በፊት ብዙ ብለዋል።

ሕግ አውጪዎች ክፍተቱን አላዩትም ማለት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በብሪታኒያ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው መንጃ ፈቃድ ላይ 78 የሚል ቁጥር ይጻፍበታል፤ አውቶማቲክ ብቻ ማለት ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንድ የሞተር ተሽከርካሪዎች ሕግ ማርሽ ያለውንና ማርሽ የሌለውን ሞተር ሳይክል በሁለት የተለያዩ የፈቃድ ዓይነቶች ይከፍላቸዋል። ጃፓን ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ለአውቶማቲክ ሞተር ሳይክሎች ብቻ የሚያገለግል መንጃ ፈቃድ ጀመረች።

የጃፓኑ ታሪክ ትንሽ ሊቆዩበት የሚገባ ነው። ሆንዳ በ1958 እ.ኤ.አ. ሱፐር ካብ የተባለችውን ትንሽ ሞተር ሳይክል ሲያወጣ መሐንዲሱ ሶይቺሮ ሆንዳና የንግዱን ሥራ ይመራ የነበረው ታኬኦ ፉጂሳዋ ያሰቡት ስለ ተራው ሠራተኛ ነበር። የሶባ ምግብ የሚያደርስ ልጅ በአንድ እጁ የምግቡን ትሪ ይዞ በሌላው መንዳት እንዲችል ተብላ የተሠራች ናት ይባላል። ማርሽ አላት፤ በግራ እግር ይቀየራል። የፍሪሲዮን ማንሻ ግን የላትም፤ ፍሪሲዮኑ በመሽከርከር ኃይል ራሱ ይይዛል፣ ራሱ ይለቃል። እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። በዓለም ላይ ይህን ያህል የተመረተ ሌላ ባለሞተር ተሽከርካሪ የለም። እንግዲህ ይህቺ ማርሿ በእግር የሚቀየር ሞተር ሳይክል በጃፓን ሕግ ዓይን አውቶማቲክ ናት። ማንሻው ስለሌለ ብቻ።

ተቃራኒውም አለ። ሆንዳ በ2024 እ.ኤ.አ. ሲቢ650አር በተባለው ሞተር ሳይክል ላይ ፍሪሲዮኑን ራሱ የሚሠራ መሣሪያ ገጠመበት። ነጂው ሲነሣም፣ ማርሽ ሲቀይርም፣ ሲቆምም ማንሻውን በግራ እጁ መንካት አያስፈልገውም። ነገር ግን ማንሻው ከቦታው አልተነሣም፤ የፈለገ ይጠቀምበታል። ስለዚህ በጃፓን በአውቶማቲክ ብቻ የተወሰነ ፈቃድ ያለው ሰው ሊነዳው አይችልም። ይኸው ፈቃድ መጀመሪያ ሲወጣ ትልልቆቹን አውቶማቲኮች በ650 ሲሲ ገድቦ ነበር። ሆንዳ በ2010 እ.ኤ.አ. በሁለት ፍሪሲዮን ራሱ ማርሽ የሚቀይር ባለ 1200 ሲሲ ሞተር ሳይክል አወጣ። በአውቶማቲክ ፈቃድ እርሱን መንዳት ግን ገደቡ በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. እስኪነሣ ድረስ ክልክል ነበር። ያ ሞተር ሳይክል የፍሪሲዮን ማንሻ የለውም፤ ለመንዳት ግን ማንሻ ለሚችል ሰው የሚሰጠውን ፈቃድ መያዝ ግድ ነበር።

የአውሮፓው ደንብም በመሠረቱ የሚያየው ይህንኑ ነው። ነጂው ሲነሣ፣ ሲቆምና ማርሽ ሲቀይር በእጁ ሊሠራበት የሚገባ የፍሪሲዮን ማንሻ ካለ ማኑዋል ነው፤ ከሌለ አውቶማቲክ። ይህ በሕግ አውጪው ላይ የሚቀርብ ስሞታ አይደለም። ሕግ የሚያየው የሚታየውን ነው። ማንሻ ይታያል፤ የሰው ችሎታ አይታይም። መስመር መሰመር ስላለበት ሕጉ መስመሩን ዓይኑ በሚደርስበት ቦታ ያሰምራል።

መስመሩ አገር ሲቀየር ይቀየራል። በስፔን የመኪና መንጃ ፈቃድ ካወጣ 3 ዓመት ያለፈው ሰው፣ በጣሊያንም የመኪና ፈቃድ የያዘ ሰው በአገሩ ውስጥ እስከ 125 ሲሲ ያለ ሞተር ሳይክል ያለ ተጨማሪ ፈተና መንዳት ይችላል፤ ባለማርሽም ቢሆን። በሁለት ጎማ ላይ ሚዛኑን ሲጠብቅ ያየው ፈታኝ የለም። አንድ ሰው በማድሪድ የሚፈቀድለት በለንደን ይከለከላል፤ በለንደን የሚከለከለው በሎስ አንጀለስ ይፈቀዳል። የሰውየው እጅ ግን በሦስቱም ከተማ አንድ ነው። የሚያውቀውም የማያውቀውም ነገር ድንበር ሲሻገር አይቀየርም። ስለዚህ «ሕጉ ይፈቅዳል» የሚለው መልስ ስለ ሕጉ ይነግራል እንጂ ስለ ሰውየው አንዳች አይናገርም።

በስኩተር መፈተን አቋራጭ ነው የሚሉ ሰዎች ፈተናው ምን እንደሚለካ ልብ ብለው ቢያዩ ይጠቅማቸዋል። ብሪታኒያ በ2009 እ.ኤ.አ. ባደራጀችው የሞተር ሳይክል ፈተና የመጀመሪያው ክፍል፣ ተፈታኙ በኮኖች መሐል ይጠማዘዛል፤ የ8 ቅርጽ ይሠራል፤ ከእግረኛ ጋር በሚወዳደር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ዞሮ ይመለሳል፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ደርሶ በድንገት ይቆማል፤ በዚያው ፍጥነት መሰናክል ይሸሻል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ፍሪሲዮንን አይጠይቁም። የሚጠይቁት ዓይንን፣ ሚዛንንና ፍሬንን ነው።

በዝግታ መሄድ እንዲያውም በስኩተር ይከብዳል የሚሉ አሠልጣኞች ምክንያት አላቸው። ባለማርሹ ነጂ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ኃይሉን በጣቱ ይመጥናል። ስኩተሩ ግን ነዳጅ ሲቀንሱበት በሆነ ነጥብ ላይ ፍሪሲዮኑን ራሱ ይለቅና በነጻ ይንከባለላል፤ ያኔ መንገዳገድ ይመጣል። ትንሽ ነዳጅ ሲሰጡት ደግሞ እንደገና ይይዝና ይገፋል። ስለዚህ ጎበዝ ስኩተር ነጂ ነዳጁን በጥቂቱ ከፍቶ ይተውና ፍጥነቱን በኋላው ፍሬን ብቻ ይገዛዋል። ግራ እጁ ፍሬኑን እንደ ክር ይስበዋል፤ ቀኝ እጁ አይንቀሳቀስም፤ ዓይኑ ከጎማው ላይ ተነሥቶ ወደሚሄድበት ያያል። ይህን የቻለ ሰው ሚዛን ምን እንደሆነ ገብቶታል። ሰነፍ አይባልም።

ከሁሉም የሚደንቀው መታጠፉ ነው። ከእግረኛ ፍጥነት በላይ የሚሄድ ባለሁለት ጎማ ወደ ግራ እንዲታጠፍ ነጂው የግራውን እጀታ ወደፊት ይገፋል፤ ማለትም መሪውን ለቅጽበት ወደ ቀኝ ያዞራል። ያኔ ወደ ግራ ያጋድላል፤ ከዚያም ይታጠፋል። ማንም ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ይህን ያደርገዋል፤ ማድረጉን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አውሮፕላን ከመሥራታቸው በፊት ብስክሌት ሠሪዎች ከነበሩት የራይት ወንድማማቾች አንዱ ዊልበር ነጂዎችን እንዴት እንደሚታጠፉ እየጠየቀ፣ የሚያደርጉትን በትክክል የሚናገር ሰው አላገኘም ነበር። በሃንጋሪ የተወለደው፣ ቀድሞ ኬሚስት የነበረው ፈላስፋ ማይክል ፖላኒ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ይህንኑ የብስክሌት ነገር ይዞ፣ ሰው ሊናገር ከሚችለው በላይ እንደሚያውቅ ተከራከረ። ከእርሱ በፊት በ1949 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርዱ ጊልበርት ራይል አንድን ነገር እውነት መሆኑን ማወቅና አንድን ነገር ማድረግን ማወቅ ሁለት መሆናቸውን አስረድቶ ነበር። የመንገድ ደንብ መጽሐፍ የመጀመሪያውን ይሰጣል። ሁለተኛውን የሚሰጠው ሥራው ራሱ ነው። ከሁሉም ቀድሞ አርስቶትል ግንበኛ የሚሆኑት በመገንባት ነው ያለው ለዚህ ነው።

ይህ ዓይነቱ በሰውነት ውስጥ የተቀመጠ ዕውቀት፣ ወደሚያጋድሉበት መግፋት፣ ወደሚሄዱበት ማየት፣ የመኪና በር ሲከፈት ከሚደርስበት ርቆ መሄድ፣ ዝናብ ያራሰውን ቀለም አለመርገጥ፣ በስኩተርም በባለማርሽም አንድ ነው። በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ይህን ሁሉ በሐቅ አሳይቷል። ምስክርነቱ እውነተኛ ነው። ማርሽ በመቻሉ ብቻ እርሱን የሚንቅ ሰው ራሱ ምን እንደሚያውቅ አልመረመረም።

ንቀቱ ሌላም ጉዳት አለው። አውቶማቲክ ስኩተር መንገዱን ለብዙ ሰው ከፍቷል። በሕንድ በ1984 እ.ኤ.አ. ኪኔቲክ ሆንዳ የተባለው አውቶማቲክ ስኩተር ገበያ ላይ ሲወጣና ከእርሱም በኋላ አክቲቫን የመሰሉ ሌሎች አውቶማቲክ ስኩተሮች ሲስፋፉ፣ ሳሪ ለብሰው ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሴቶች የራሳቸው መጓጓዣ ኖራቸው። ግራ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ማርሽ መቀየር አይችልም፤ ስኩተር ግን ይነዳል። ለእነዚህ ሰዎች የአውቶማቲክ ፈቃድ ሥራ ማለት ነው፤ የሰው እጅ ሳያዩ መውጣትና መግባት ማለት ነው። ማርሽ ካልቻላችሁ ከመንገድ ውጡ የሚላቸው ሰው በደህንነት ስም ይበድላቸዋል።

ከዚህ ወዲያ ግን ነገሩ ይከብዳል። ምክንያቱም ገደብ የሌለበትን ካርድ በኪሱ የያዘው ሰው፣ ያልተፈተነበት ነገር እንዳለ ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ነው። ፖሊሱ አያውቅም። በኋላ ወንበር የሚያስቀምጣት እህቱ አታውቅም። መስቀለኛው ላይ የቆመችው እናት አታውቅም። እርሱ ያውቃል።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ስለ በሬ የተሰጠ ሕግ አለ። በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። ነገር ግን በሬው ከቀድሞ ጀምሮ የመውጋት አመል ያለው ከሆነና ባለቤቱ ይህ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ከሆነ ፍርዱ ባለቤቱም ላይ ይወድቃል። በሬው ያው በሬ ነው፤ የሞተውም ሰው ያው ሰው ነው። ሁለቱን ፍርዶች የለየው የባለቤቱ ማወቅ ብቻ ነው። ግራ እጁ ፍሪሲዮንን እንደ ፍሬን የሚይዝ መሆኑን እያወቀ ወደ ትራፊክ የሚገባ ሰው የቆመው በዚህ ሕግ ሁለተኛ ክፍል ነው። ካርዱ ይህን አይለውጠውም፤ ለበሬው ባለቤትም በሬ ማርባት የተፈቀደ ነበር።

በእስልምናም ከነቢዩ የተላለፈና በአቡ ዳውድ ስብስብ ውስጥ የሚገኝ ሐዲስ አለ፤ በሕክምና ዕውቀት ሳይታወቅ ሰውን ያከመ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው የሚል መልእክት ያለው። የእስልምና ሕግ (ፊቅህ) ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው፣ ሙያውን የሚያውቅ ሐኪም የሚገባውን ጥንቃቄ አድርጎ ሳለ በሽተኛው ቢጎዳ አይጠየቅም፤ ሳያውቅ የገባበት ግን በቅን ልብ ቢሆን እንኳ ይጠየቃል ብለዋል። የዚያ ዘመን ሐኪም ከመንግሥት የሚወስደው ካርድ አልነበረውም። ፈቃዱ ዕውቀቱ ራሱ ነበር። ዛሬ ሁለቱ ተለያይተዋል፤ ሰው ካርዱን ይዞ ዕውቀቱን ላይዝ ይችላል። ሐዲሱ ግን የሚጠይቀው ስለ ዕውቀቱ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ሲጽፍ የተፈቀደውን ሁሉ ከሚጠቅመው ለይቶ፣ እያንዳንዱ የሌላውን ጥቅም እንዲፈልግ ይመክራል። ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲሠራ ያዝዛል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ይህ ትእዛዝ የሚያሳስበው ገና ስላልወደቀ፣ ምናልባትም ከቶ ስለማይመጣ እንግዳ ነው። መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ እንግዳ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ሲተረጉም፣ ጉዳት ሊከተል እንደሚችል እያወቀ አይደርስም ብሎ የሠራውንና ማወቅ ሲገባው ወይም ሲችል ያላወቀውን ያነሣል። አርስቶትልም ሰው ባለማወቁ የሚቀጣው አለማወቁ የራሱ ሥራ ሲሆን ነው ብሎ ነበር፤ ሰክሮ ያጠፋ ሰው አለመስከር ይችል ነበርና። ስኩተር ነጂው ፍሪሲዮን አለማወቁ ጥፋት አይደለም። አለማወቁን ባዶ ሜዳ ላይ በጥቂት ቀን ልምምድ ማስወገድ እየቻለ፣ በሰው መሐል ሊያስወግደው መውጣቱ ግን ጥፋት ነው።

እዚህ ላይ ሊናቅ የማይገባ ተቃውሞ ይነሣል። ማንም ነጂ ፈቃድ ያወጣ ዕለት ሁሉን አያውቅም። በማኑዋል የተፈተነውም ቢሆን ምናልባት በሌሊት አልነዳም፤ በጎርፍ ዝናብ አላለፈም፤ ሰው አስቀምጦ ዳገት አልወጣም። መንገዱ ራሱ ነው የሚያስተምረው። ታዲያ ስኩተር ነጂውን ብቻ ለይቶ መክሰስ ምን ይሉታል?

ልዩነት አለ። በቀን የለመደ ሰው ወደ ሌሊት ሲገባ የሚያውቀው ሁሉ ይረዳዋል፤ የጎደለው ላይ ይጨምራል እንጂ የሚያፈርሰው የለም። ከስኩተር ወደ ማርሽ የሚሸጋገር ሰው ግን ከሚያውቀው ውስጥ አንዱ ይቃወመዋል። እጁ ባዶ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ እጁ ግን ሌላ ሥራ ለምዷል። ልማድ ደግሞ የሚነሣው ሰው ሲረጋጋ አይደለም፤ ሲደነግጥ ነው። ይህ በተቃራኒውም እውነት ነው። 20 ዓመት ማርሽ የነዳ ሰው ተከራይቶ ስኩተር ላይ ሲወጣ ፍሪሲዮን የያዘ መስሎት የኋላውን ጎማ በፍሬን ይቆልፈዋል። ስለዚህ ጥያቄው የማኑዋል ፈቃድ የያዘውንም ይመለከታል። እርሱ ሁሉን እንዲነዳ በየአገሩ ተፈቅዶለታልና የራሱን እጅ የመመርመር ግዴታው ይጨምራል።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ በ1976 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ፣ ያለ ምንም ጥፋቱ ሕፃን የገጨ የከባድ መኪና ሾፌርን ምሳሌ አድርጎ ነበር። ሰዎች «ጥፋት የለብህም» ብለው ያጽናኑታል፤ ልክም ናቸው። ሆኖም ያ ሾፌር የሚሰማው ሐዘን ዳር ቆሞ ካየው ሰው ሐዘን ይለያል፤ ሊለይም ይገባዋል። ንጹሕ የሆነው ሰው ይህን ያህል የሚሸከም ከሆነ፣ እጁ ያልተማረውን እያወቀ የወጣ ሰው ምን ሊሸከም ነው? በፍርድ ቤት ቀርቦ ካርዱን ቢያሳይ ዳኛው ያየውለት ይሆናል። ሌሊት ለብቻው ሲሆን ካርዱ አይሠራለትም።

መሥሪያ ቤቶችም ድርሻ አላቸው። ጀርመን ከሚያዝያ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመኪና የጀመረችው አሠራር ለሞተር ሳይክልም ትምህርት ይሆናል። በአውቶማቲክ መኪና የተፈተነ ሰው፣ ቢያንስ 10 ጊዜ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ የሆነ ትምህርት በማኑዋል ከወሰደና አሠልጣኙ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሲነዳ አይቶ ካረጋገጠለት፣ ካርዱ ላይ 197 የሚል ቁጥር ይጻፍለትና ሁለቱንም ይነዳል። ዋናው ፈተና አልተደገመም፤ የጎደለው ብቻ ታይቶ ተመሰከረለት። ይህ ለሰውም አይከብድም፤ ለእውነትም ይቀርባል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፤ በአዲስ አበባም ዕቃ የሚያደርሱ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ይታያሉ። አብዛኛው የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ማርሽም ፍሪሲዮንም የለውም። በክልል ከተሞች ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው ግን ዛሬም በብዛት ባለማርሹ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ዘመን ረጅም ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ዘመን አንዱን ተምሮ ሌላውን የሚነሣ ወጣት ብዙ ይሆናል። የማሠልጠኛ ተቋማትና ፈቃድ ሰጪዎች ተማሪው በምን እንደተፈተነ ካርዱ ላይ ቢጽፉ ወጪው ጥቂት ነው።

ካርዱ ላይ እስኪጻፍ ድረስ ግን ሥራው የባለካርዱ ነው። በስኩተር ተፈትኖ ያለፈ ሰው ባለማርሽ ሞተር ሳይክል ከመንዳቱ በፊት ማርሽ የሚያውቅ አሠልጣኝ ይፈልግ። ሰው በሌለበት ሜዳ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ነዳጅ ሳይሰጥ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ እየለቀቀ የሚይዝበትን ነጥብ እጁ እስኪያውቀው ድረስ ይደጋግም። ከዚያ በድንገት መቆምን፣ በሁለት እጁና በቀኝ እግሩ፣ ሳያስብ እስኪሠራው ድረስ ይለማመድ። ይህን ሳይጨርስ ሰው ከኋላው አያስቀምጥ።